ጨዋታ፦ አንድ

ሙሐረቅ፣ ከአየር ማረፊያው ጀርባ፣ ሞላላ ሜዳ አለ፣
ሣሩ በታንከር ውሃ፣ በልመና የበቀለ።
አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ዐርብ ዐርብ ይመጣሉ፣
እንቁላል የመሰለ ኳስ በእግር፣ በቡጢ ይመታሉ።

እኔ ጽሑፍ ሠሪ ነኝ፤ ብሩሽ ነው መተዳደሬ፣
«ምቀኛ አታሳጣኝ» እያልሁ፣ በአይሱዙ ጀርባ ጽፌ ነው ያደግሁት፣ አገሬ።
የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ሌስሊ ሰጠኝ አንድ ሰሌዳ፣
አንድ ወረቀትም ጨመረ፣ የሃያ ዓመት ዕዳ፦
«የነበሩት ተጫዋቾች፣ ስም፣ ጨዋታ፣ ጎል፣ ዓመት፤
በወርቅ ቀለም ጻፍልን፣ ያለ አንድ ፊደል ስህተት።»

ስም እያጠበቡ ሲጽፉት፣ ሰውየው ብቅ ይላል፤
አንድ ፊደል እስኪደርቅ፣ ስንት ወሬ ይሰማል።

ዳሬል ሆስኪን። መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ።
ሌሊቱን አሉሚኒየም ሲያቀልጥ አድሮ፣ ይሰለፋል ማታ።
ጉልበቱን ሦስቴ ቀደዱት፤ ሐኪሙ ቆርጦ ነገረው፦
«ወይ ኳሱን፣ ወይ መራመድን።» አንድ ዓመት አሰበበት፤ ዳሬል ነው።

ኪት ፔንሮስ፣ መምህር፣ ሰማንያ ሦስት ጎል፣
ሚስቱ ጓዟን የጫነች 'ለት እንኳ፣ እሱ ኳስ ሲከተል።
አሁን ፐርዝ ነው አሉ፣ ዓሣ ያጠምዳል ብቻውን፤
በየገናው ካርድ ይልካል፣ እየጠየቀ ሣሩን።

ፈዋዝ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ የዚሁ የሙሐረቅ፣
አደላይድ ተምሮ የመጣ፣
ሲዘል የሰው ትከሻ የሚረግጥ፣ ከሰማይ ኳስ የሚነጥቅ።
አባቱ አንድ ቀን መጣ፣ ዱቄቱ በጢሙ እንዳለ፣
አየ፣ አየ፣ «ልጄን ማን ነው የሚያሳድደው?» አለ።
ስልሳ አንድ ጨዋታ። ከዚያ ምድጃው ወረሰው፤
ዐርብ ዐርብ የክለቡን ዳቦ እሱ ነው የሚያደርሰው።

ደግሞ አሉ፣ አንድ ወቅት መጥተው ውል ሲያልቅ የጠፉ፣
ሦስት ጨዋታ፣ አምስት ጨዋታ፣
ከአንድ ያደፈ መለያ በቀር ምንም ሳያተርፉ።
ለባለ መቶውም ለባለ ሦስቱም ወርቁ ያው ነው፤ አላዳላሁ።
ከመጨረሻው መስመር ስደርስ ግን፣ ብሩሼን አስቀመጥሁ።

«አንዲ። ጨዋታ፦ አንድ።»

አንዲ አይደለም፤ አንዳርጌ ነው። ሦስት ዓመት ከአልጋዬ በላይ የተኛው፣
የክለቡ በር ዘበኛ፣ የወግዲ ልጅ፣ ዝምተኛው።
ከዱባይ ቡድን በገጠሙ ማታ ሰው ጎደላቸው፤
«ሩጫ ትችላለህ?» አሉት። «እችላለሁ» አላቸው።
የዘበኛ ሱሪውን ጠቀለለ፤ ጫማ አዋሱት፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋው፤
«ቀይ የለበሰ አትንካ፣ ሩጥ ብቻ» ነው፣ ስለ ሕጉ የተባለው።

በመጨረሻው ሩብ፣ ያች አመለኛ ኳስ ነጥራ ነጥራ እጁ ላይ አረፈች፤
መታት። ከቋሚው ተላተመች፤ ወደ ቀኝ ዞራ ወጣች።
ራሱን ያዘ አንዳርጌ። «ሳትሁ» አለ፣ አንገቱን ሰበረ፤
ነጭ ለባሹ የጎል ዳኛ ግን አንድ ጣቱን ቀሰረ፣
አንድ ነጥብ ተጨመረ።

ያን ሌሊት አልተኛም። ከላይ ሆኖ ይጠይቀኛል፦
«ለመሳት ነጥብ የሚሰጥ፣ እንዲህ ያለ ዳኛ የት ይገኛል?»
ቡድኑ በአርባ ነጥብ ተሸንፎ ነበር፤ ይህን እንኳ በማግስቱ ሰማ።
ወር ሳይሞላ ውሉ አለቀ፤
በድልድዩ ወደ ደማም ተሻገረ ከሚል በቀር፣ ወሬ የለማ።

«አንዲ» ብዬ ጻፍሁ እንደ ታዘዝሁት፣ በእነሱ ፊደል፣ በወርቅ፤
ከዚያ ቀጭኗን ብሩሽ አነሣሁ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።
ጉንዳን በሚያካክል ፊደል «አንዳርጌ» አልሁ ከሥሩ፤
የ«ጌ»ን ቀለበት ወርቅ ሞላሁት፤ አንድ ነጥብ መሰለ፣ ከዳሩ።

ሚስተር ሌስሊ መነጽሩን አጥልቆ፣ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ዘለቀ፤
«ይህችስ ምንድን ናት?» አለ።
«ጌጥ ናት» አልሁት። ደስ አለው፤ ሒሳቤን ለቀቀ።

ሃያ ዲናር ይዤ ወጣሁ። በላዬ አውሮፕላን ሲያርፍ፣
አውቶቡስ እስኪመጣ፣ ጥፍሬ ላይ የደረቀውን ወርቅ ስገፍፍ።